የመኪና ሚኒሞ፦ ካርብራተር፣ ቫልቭ ወይስ ኤሌክትሪክ ትሮትል?

«መብራት ላይ ስቆም ሞተሩ ይጠፋብኛል፣ ምን ልግዛ?» የምትሉኝ ወዳጆች በዝታችኋል። መልሴ አንድ ነው፤ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ሚኒሞውን፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር፣ የሚቆጣጠረውን ክፍል አሳጥቡት።

እንደ ድሮው ቶዮታ ዲኤክስ ባለ ካርብራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) መኪና ላይ ሚኒሞ የሚስተካከለው በብሎን ነው። አንድ ካቻቢቴና የባለሙያ እጅ ይበቃል። በዋጋ የሚወዳደረው የለም። ግን 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አዲስ አበባ የተስተካከለው፣ አዋሽ ሲወርድ ይዛባል።

የእኔ ምርጫ ለብቻው የሚፈታው የሚኒሞ ቫልቭ ነው፤ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ኮሮላዎች ላይ ያለው ዓይነት። እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ በጎን በኩል አየር ያሳልፋል። ኤሲ ስትከፍቱ ኮምፒውተሩ ሰፋ አድርጎ ይከፍተዋል፣ ዙሩ አይወርድም። ሲያስቸግርም ብዙ ጊዜ ጥላሸት ይዞት እንጂ ተቃጥሎ አይደለም። አንድ ጣሳ የካርብራተር ማጠቢያና አዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው ወጪው። ፈሳሹ ኮይሉ (የኤሌክትሪክ ጥቅልሉ) ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ።

የእውነት ከሞተ ደግሞ አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሂዱና ከተፈታ ሞተር የወጣ ኦሪጅናል ፈልጉ። አዲሱን ኮፒ ተዉት። ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ እሱም ርካሽ አይደለም። ጓደኛዬ የገዛውን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ውስጡ ያለችው መዝጊያ በጣት ስትነካ መሃል ላይ ትይዛለች፤ የኦሪጅናሉ ለስለስ ብላ ትዞራለች። ሞተሩ ሲሞቅ ተጣብቃ ቀረች። ሻጩ «የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም» አለው። የኮፒው ዋጋ፣ ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ፣ ሁለት ጓርኒሲዮን፣ መጨረሻ ላይ ያገለገለው ኦሪጅናል። ደምሩት እስቲ! ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በጣታችሁ አዙራችሁ እዩ፤ ካልሠራ እንደሚመልስም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

ከነዳጅ መርገጫው ገመድ የሌለው ኤሌክትሪክ ትሮትል (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው በር) ሲሠራ ዙሩ ቀጥ ያለ ነው። ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ የምትገዙት ሙሉውን ትሮትል ነው፣ ዋጋውም ኪስ ያራቁታል። ከታጠበ በኋላም አንዳንዱ መኪና ሚኒሞውን እንደገና እንዲማር በኮምፒውተር መስተካከል አለበት፤ ይህም ሌላ ሂሳብ ነው።

ቫልቭ ያለው መኪና ልትገዙ ከሆነ ኮፈኑን አስከፍቱ። ቫልቩን ከማጠብ ይልቅ የትሮትሉን ማቆሚያ ብሎን አጥብቀው ዙር የሚጨምሩ መካኒኮች አሉ። ለዚያ ቀን ይሠራል። ኮምፒውተሩ ግን የትሮትሉ በር የተዘጋ ስለማይመስለው ሚኒሞውን መቆጣጠር ሊተው ይችላል፤ ያኔ ቫልቭ ብትቀይሩም ለውጥ የለውም። የብሎኑ የፋብሪካ ቀለም ተልጦ ካያችሁ ዋጋ አስቀንሱ።