ባት፦ ደመወዙን ለተከለከለ ተዘዋዋሪ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የሚሰጠው አገልግሎት ሲመዘን

ሙሉ የጨዋታ ዘመኑን በአንድ ክለብ የሚጨርስ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ጥቂት ነው። አብዛኛው ባለሙያ በየዓመቱ ክለብ፣ ብዙ ጊዜም አገር ይቀይራል። ውሉ የአንድ የውድድር ዘመን ነው፤ አንዳንዴም የሁለት ወር ብቻ። በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤ ኢሽ ስሚዝ በ13 ክለቦች ተሰልፎ ክብረ ወሰኑን ይዟል። የእሱ ደመወዝ ግን ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ በፈረሙት የጋራ ስምምነት የተጠበቀ ነበር። ከዚያ ሊግ ውጭ የሚዞረው ተጫዋች በአብዛኛው የሚተማመነው በእጁ ባለው ወረቀት ላይ ነው። ክለቡ ገንዘብ ሲያጥረው ደመወዙ ይቆማል። ልክሰስ ቢል የሚሄደው ወደ ክለቡ ከተማ ፍርድ ቤት ነው፤ በማያውቀው ቋንቋ፣ ምናልባትም ለዓመታት፤ እሱ ደግሞ በዚያን ጊዜ ሌላ አገር ይጫወታል።

የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፊባ እ.ኤ.አ. በ2007 የራሱን የግልግል ጉባኤ፣ ማለትም ክርክርን ከመደበኛ ፍርድ ቤት ውጭ የሚዳኝ አካል፣ ያቋቋመው ይህን ችግር አይቶ ነው። ሐሳቡን በማፍለቅ የጀርመናዊው ጠበቃ የዲርክ ራይነር ማርተንስ ስም ይነሳል። ጉባኤውን ለዓመታት በፕሬዚዳንትነት የመሩት ደግሞ ካናዳዊው የሕግ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ማክላረን ናቸው። ጉባኤው ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባት (የቅርጫት ኳስ የግልግል ጉባኤ) በሚለው አጭር ስሙ ይታወቃል። አገልግሎቱ የሚከፈልበትን ያህል ይሠራል። ችግሩ፣ ተጫዋቹ ብዙ ጊዜ ስለ እሱ የሚያስበው ደመወዙ ከቆመ በኋላ መሆኑ ነው፤ በሩ የሚከፈተው ወይም የሚዘጋው ግን ውሉ በተፈረመበት ቀን ነው።

ባት ጉዳዩን የሚያየው ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ ከተስማሙ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ የግልግል አንቀጽ መኖር አለበት፤ የሚሻለውም ጉባኤው ራሱ ያዘጋጀውን አንቀጽ አንድም ቃል ሳይነኩ መገልበጥ ነው። አንቀጹ ስድስት ነገሮችን ይዟል፦ ከውሉ የሚነሳ ማንኛውም ክርክር ወደ ባት እንደሚቀርብ፣ በጉባኤው ፕሬዚዳንት የሚሾም አንድ ዳኛ ብቻ እንደሚያየው፣ መቀመጫው ጄኔቫ እንደሆነ፣ ስለ ዓለም አቀፍ ግልግል የሚደነግገው የስዊዘርላንድ የግል ዓለም አቀፍ ሕግ ምዕራፍ 12 እንደሚገዛው፣ የክርክሩ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንደሆነና ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም በአንድ አገር ሕግ ሳይሆን ፍትሐዊ በመሰለው፣ እንደሚወስን። የክለብ ጠበቆች «በመጀመሪያ በፌዴሬሽኑ ኮሚቴ፣ ካልተፈታ በባት» የሚል ነገር መጨመር ይወዳሉ። እንዲህ ያለ ድብልቅ አንቀጽ ለክለቡ ነፃ የመቃወሚያ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ወራትም ይበላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ከዚህ የባሰ ነው። ተጫዋቹ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ዋና ውል ፈርሞ ከተማው ሲደርስ፣ «ለሊጉ ምዝገባ ብቻ ነው» ተብሎ በክለቡ አገር ቋንቋ የተጻፈ ሌላ ውል ይቀርብለታል። በዚያ ላይ ደመወዙ አንሶ፣ የግልግሉም አንቀጽ ጠፍቶ ይገኛል። ክርክር ሲነሳ ክለቡ የሚያወጣው ያንን ነው። መድኃኒቱ በዋናው ውል ውስጥ «በዚህ ውልና ከዚህ በፊትም ሆነ በኋላ በሚፈረም ሌላ ውል መካከል ልዩነት ቢኖር ይህ ውል የበላይ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ማስገባት ነው። የክፍያው ከፊል በምስል መብት (የተጫዋቹን ስምና ምስል ለማስታወቂያ የመጠቀም መብት) ስም በሌላ ኩባንያ በኩል የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ያ ውልም የራሱ የባት አንቀጽ ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ከደመወዙ ግማሹ ከዳኛው እጅ ውጭ ይሆናል። ወኪሉም ኮሚሽኑን በዚያው ውል አስጽፎ እንደ አንድ ተዋዋይ ካልፈረመ በራሱ ስም ለመጠየቅ ይቸገራል።

ክፍያ ሲዘገይ የሚሠራው ስህተት የታወቀ ነው፤ ተጫዋቹ ተናድዶ ልምምድ ያቆማል። ውሉ ለምሳሌ ለክለቡ የ15 ቀን የችሮታ ጊዜ (ከክፍያው ቀን በኋላ የሚታገስበት ጊዜ) ሰጥቶ ከሆነ በ10ኛው ቀን የቀረ ተጫዋች ራሱ ውል አፍራሽ ተብሎ ሊከራከሩበት ይችላሉ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል፣ በመጀመሪያ የተጠራቀመውን መጠንና ቀን የሚጠቅስ ማስጠንቀቂያ ውሉ ላይ ባለው የኢሜይል አድራሻ መላክ ነው። ከዚያ ጊዜው እስኪያልፍ ልምምድ መግባት፤ ካለፈ በኋላ ውሉ መቋረጡን በጽሑፍ ማሳወቅ። የባንክ መግለጫ፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር የተደረጉ የስልክ መልእክቶች፣ የሕክምና ምርመራ ውጤት፣ የልምምድ መርሐ ግብር፣ ሁሉም መቀመጥ አለባቸው። ክርክሩ በአብዛኛው በጽሑፍ ብቻ ስለሚካሄድ ያልተጻፈ ቃል ኪዳን ክብደቱ ትንሽ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው በመጨረሻዋ ቀን በሚፈረም ወረቀት መብት ሲጠፋ ማየት ነው። ክለቡ ተጫዋቹ ወደ ሌላ ክለብ ለመዛወር የሚያስፈልገውን መልቀቂያና የአውሮፕላን ትኬቱን ይዞ «ምንም ቀሪ ሂሳብ የለኝም» የሚል ሰነድ ያስፈርማል። በፊባ ደንብ የዝውውር መልቀቂያ የሚከለከልበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ተጫዋቹ ከዝውውሩ ቀን በኋላም የሚጸና ውል ካለው ነው። ውሉ በስምምነት ከተቋረጠ ያ ምክንያት የለም። ስለዚህ ለመልቀቂያው ሲባል ደመወዝን መተው አያስፈልግም። መፈረም ግድ ከሆነ የቀረው ዕዳ መጠንና የሚከፈልበት ቀን በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የባት አንቀጹም ይደገም።

ወጪው የአገልግሎቱ ደካማ ጎን ነው። ማመልከቻ ለማስገባት በሚጠየቀው ገንዘብ ልክ እያደገ የሚሄድና የማይመለስ የመመዝገቢያ ክፍያ አለ። ቀጥሎ ለዳኛው የሚሆን ቅድመ ክፍያ ለሁለቱ ወገኖች ይከፋፈላል። ደመወዝ ያልከፈለ ክለብ ግን የቅድመ ክፍያ ድርሻውንም ብዙ ጊዜ አይከፍልም፤ ያን ጊዜ ከሳሹ በምትኩ ካልሞላ ጉዳዩ አይንቀሳቀስም። ደመወዙን ያላገኘ ሰው በመጀመሪያ ብዙ ሺህ ዩሮ ከኪሱ ማውጣት አለበት ማለት ነው። ሲያሸንፍ ተሸናፊው እንዲተካ ይታዘዛል፤ የጠበቃ ወጪ ግን ጣሪያ ተቀምጦለታል፤ በውድ ጠበቃ የመጣ ልዩነቱን ራሱ ይችላል። ለአንድ ወር ደመወዝ፣ ለምሳሌ ለ3 ሺህ ዩሮ፣ ወደዚህ መሄድ አያዋጣም። በዚያ ልክ በጽሑፍ የተደረገ የክፍያ ስምምነት ይሻላል።

በፍርዱ ጥራት በኩል ግን ባት ምስጋና ይገባዋል። ዳኛው የየትኛውንም አገር የሥራ ሕግ ሳይተነትን ውሉን አንብቦ በርትዕ ስለሚወስን ተጫዋቹ የማያውቀው ሕግ ሰለባ አይሆንም። ውሳኔዎቹም በአብዛኛው ስለሚታተሙ አዝማሚያቸው ይታወቃል። ውሉ ስለ ወለድ ዝም ካለ በዓመት 5 በመቶ መፍረድ የተለመደ ነው። በየቀኑ የሚቆጠር የመዘግየት ቅጣት ከዋናው ዕዳ ጋር የማይመጣጠን ከሆነ ዳኛው ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ ውል ላይ የተከመረ ቅጣት ሁሉ ይገኛል ብሎ ማስላት ሞኝነት ነው። ዓመታት ዝም ብሎ ቆይቶ የሚመጣ ጥያቄም በመዘግየቱ ብቻ ሊዳከም ይችላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በስሌቱ ነው። በወር 6 ሺህ ዩሮ የ10 ወር ውል ያለው ተጫዋች የ4 ወር ተከፍሎት፣ የ2 ወር ሳይከፈለው ሄደ እንበል። የሠራበት 12 ሺህ ዩሮ ሙሉ በሙሉ ይገባዋል። የቀሩት 4 ወሮች 24 ሺህ ናቸው፤ ነገር ግን በእነዚያው ወራት በአዲስ ክለብ በወር 4 ሺህ ካገኘ 16 ሺህ ይቀነስበታል። የሚጠይቀው 36 ሺህ ሳይሆን 20 ሺህ ነው። አዲሱን ውል መደበቅም አይረዳም፤ ዝውውሩ የተመዘገበ ስለሆነ ክለቡ በቀላሉ ያገኘዋል። ይህ ቅነሳ እንዳይኖር የሚፈልግ ከመጀመሪያው ውሉ ላይ በግልጽ ማስጻፍ አለበት፤ ያኔም ቢሆን ዳኛው የሚመዝነው ነው።

ይግባኙ ጠባብ መሆኑ ለከሳሽ ጥቅም ነው። የሚሄደው ወደ ስዊዘርላንድ ፌዴራል ፍርድ ቤት ብቻ ሲሆን፣ እሱም በዋናነት የሥርዓት ጉድለትን እንጂ የማስረጃ ምዘናን አይመለከትም። ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ለማስከፈል ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የውጭ የግልግል ውሳኔዎች በየአገሩ እንዲፈጸሙ የሚያደርገውን የ1958 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ስምምነት ይዞ የክለቡ አገር ፍርድ ቤት መሄድ ነው፤ ያም ሌላ ጠበቃና ሌላ ጊዜ ይጠይቃል። ሌላው ፊባን ማመልከት ነው። ፊባ ገንዘብ መቅጣትና ክለቡ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ማገድ ይችላል፤ ክለብን ቶሎ የሚያስከፍለውም ይህ እገዳ ነው። የውጭ ተጫዋች የሚፈልግ ክለብ የዝውውር መስኮቱ ሳይዘጋ መክፈል ይመርጣል። እገዳው የማይነካው የከሰረውንና የፈረሰውን ክለብ ነው። በአዲስ ስም የተመሠረተ ክለብ የአሮጌው ተተኪ መሆኑን ማሳየት ከባድ ሥራ ነው፤ ባለቤቶቹ፣ ሜዳው፣ ማሊያውና የሊግ ቦታው ያው መሆናቸውን በሰነድ ማቅረብ ይጠይቃል።

እገዳ የተጣለበት ክለብ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይደውላል። ዕዳውን በሦስትና በአራት ጊዜ እከፍላለሁ፣ እገዳው ዛሬ ይነሳልኝ ይላል። የመጨረሻው ክፍያ ባንክ ሳይገባ ተጫዋቹ ለፊባ «ተከፍሎኛል» ብሎ መጻፍ የለበትም። የግድ ከሆነ አንድ ክፍያ ቢዘገይ እገዳው እንደሚመለስ በስምምነቱ ላይ ይስፈር፤ የስምምነቱም ቅጂ ለፊባ ይላክ።