ሴሊካዬን ዝቅ አድርገው ሆዷን ላተረፉልኝ የጅማ መካኒክ ምስጋና እና ጥቆማ

ሰላም ለጅማ የመኪና ወዳጆች። ሰሞኑን ቶዮታ ሴሊካ መኪናዬን መንገድ ላይ ያየ ሁሉ «የት አሠራሃት? ሆዷ አይነካም ወይ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ ለሁሉም በአንድ ላይ ልመልስ፤ በዚያውም ምስጋናዬን በአደባባይ ላድርስ። የሠሩልኝ ቦሳ ኪቶ በኩል አነስተኛ ጋራዥ ያላቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ ናቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልለጥፍ ለምነውኛል («ሥራዬን ትቼ ስልክ ሳነሳ ልዋል?» ነው ያሉኝ)። ስለዚህ ሠራተኞቻቸው እንደሚጠሯቸው እኔም ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

መኪናዋ ከ1999 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የተመረተችው የሰባተኛው ትውልድ ሴሊካ ናት፤ ሞተሯ 1.8 ሊትር፣ የሚጎትታት የፊት ጎማዋ። የገዛኋት ከአዲስ አበባ ነው። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ካከበደው ወዲህ እንዲህ ዓይነት መኪና የሚፈልግ ሰው አገር ውስጥ ካለው ላይ መምረጥ ነው ያለው፤ ምርጫውም ብዙ አይደለም። የቀድሞው ባለቤት ዝቅ እንድትልለት ብሎ አራቱንም ሞላ በግራይንደር አስቆርጦታል። ቆማ ስትታይ ታምራለች። ስትነዳ ግን እንደ ፈረስ ጋሪ ታንገጫግጫለች፤ ጉብታ ባገኘች ቁጥር የጭስ ማውጫዋ አስፋልቱን ይፍቃል፤ የፊት ጎማዎቿ በውስጥ በኩል ተበልተው ሽቦ ሊያወጡ ደርሰው ነበር። ያማከርኳቸው ሰዎች ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ የፋብሪካውን ሞላ መልስና ተገላገል። እኔ ደግሞ ቁመናዋንም እፈልጋለሁ።

ጋሼ ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ሜትር አወጡ። የለኩት ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ አይደለም፤ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ነው። ከመሬት ከተለካ የጎማው ንፋስና መበላት ይቀላቀልበታል፤ ከቸርኬው መሃል ሲለካ ግን ሞላው ምን ያህል እንዳወረዳት ጥርት ብሎ ይታወቃል። አምስት ሳንቲም ወርዳለች። ከዚያ ከስር ገብተው ከመሬት በጣም የቀረበውን ቦታ ፈለጉ። የጭስ ማውጫው ሁለት ቧንቧ የሚገናኝበት መጋጠሚያ ሆኖ ተገኘ፤ ከመሬት 9 ሳንቲም። «የሚነካው ሆዷ አይደለም፣ ይሄ አንድ ብረት ነው» አሉኝ። ለኔ የሥራው ግማሽ የተፈታው እዚያ ላይ ነው።

ቀጥለው የፊቱን የታችኛውን አርም፣ ማለትም ጎማውን ከስር ከአካሏ ጋር የሚያያይዘውን ብረት፣ አሳዩኝ። መኪናዋ ቆማ ሳለ አርሙ ለጥ ብሎ መተኛት ሲገባው፣ በጎማው በኩል ወደ ላይ ተቀልብሷል። የሴሊካ የፊት እግር ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነት እግር አርሙ ከልኩ አልፎ ሲቀለበስ፣ አካሏ ኩርባ ላይ የምትጋደልበት ነጥብ እሷ ከወረደችው በላይ ይወርዳል። ስለዚህ ዝቅ ብላም ከበፊቱ የባሰ ትጋደማለች። መኪና ዝቅ ባለ ቁጥር መንገድ ይይዛል የሚባለው እስከ ልኩ ድረስ ነው፤ ከልኩ ካለፈ ውጤቱ ተቃራኒ ይሆናል። ጉድጓድ ስገባ እሰማው የነበረው ድብደባም ከሞላው አልነበረም። ሾክ አብዞርበሩ መሄጃ አጥቶ ዘንጉ ላይ ያለውን የላስቲክ ማቆሚያ ሲመታ ነው። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን በክሪክ ሲያነሷት ያየሁት ነው፦ የተቆረጠው ሞላ ከመቀመጫው ለቆ በእጅ ይዞራል።

በደህና ዕቃ ተሠርታም ቢሆን አምስት ሳንቲም ዝቅ እንዳለች እንድትቆይልኝ ጠየቅኋቸው። «ሦስት። ከዚያ በላይ ከፈለግህ ሌላ ሰው ጋ ውሰዳት» አሉ። የእኛ ከተማ ዝናብ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም አይለቅም፤ ውሃ የሞላ ጉድጓድ ደግሞ ጥልቀቱ አይታይም። ደንበኛ የጠየቀውን ሁሉ እሺ ብሎ የሚሠራ ብዙ አለ፤ እኔን ያሳመነኝ እምቢታቸው ነው።

የዕቃውን ዝርዝር በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ፤ አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ ሶማሌ ተራ አፈላልጎ ላከልኝ። ሦስት ሳንቲም የሚያወርድ፣ ሲጨመቅ እየጠነከረ የሚሄድ ሞላ፤ አዲስ የካያባ ሾክ አብዞርበር፤ አጠር ያለ የላስቲክ ማቆሚያ። ርካሽ ኮይሎቨር (ቁመቱ በጥርስ ከፍና ዝቅ የሚደረግ ሞላና ሾክ) ለመግዛት አስቤ ነበር፤ ጥርሱን ጭቃ ከበላው ወዲያ ከፍና ዝቅ ማድረጉ እንደማይሠራ ነግረው አስጣሉኝ።

ጎማው ላይ የሠሩትን ደግሞ ወድጄዋለሁ። ቸርኬዎቹ ባለ 16 ሲሆኑ ጎማው 205/50 ነበር፤ ጎኑ ከፍ ያለውን 205/55 አስገቡልኝ። ጎማው በጠቅላላው ሁለት ሳንቲም ያህል ይረዝማል። የታችኛው ግማሽ መኪናዋን አንድ ሳንቲም ከመሬት ያነሳታል፤ የላይኛው ግማሽ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ስለዚህ ለዓይን አራት ሳንቲም የወረደች ትመስላለች፣ ወደ መሬት የቀረበችው ግን ሁለት ብቻ ነው። የቀረውን ከጭስ ማውጫው አተረፉ፦ በያጅ ጠርተው መጋጠሚያውን አዛወሩት፣ የማንጠልጠያ ላስቲኮቹን አሳጠሩ፣ ቧንቧውን አንድ ሳንቲም ተኩል ወደ ወለሉ አስጠጉት። 9 የነበረው 13.5 ሆነ። በፋብሪካው ሞላና ጎማ ቢሆን 14 ነበር።

አንድ ነገር ግን ቆሜ አፍጥጬ ያየሁት ነው። ሁሉም ተገጥሞ አለቀ ስል የአርሞቹን ቡሎኖች በእጅ ብቻ አስይዘው ተዉአቸው። መኪናዋን ከክሪክ አወረዱ፤ ፓራውልቱን በሁለት እጃቸው እየተጫኑ አወዛወዟት፤ ከዚያ አራቱም ጎማ ጣውላ ላይ እንዲቆም አድርገው ከስር ገቡ። ዳዶዎቹን ያጠበቁት ክብደቷ በእግሯ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። አርሙ ጫፍ ላይ ያለው ጎሚኒ (ላስቲክ) ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ፣ እግሯ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ስትወርድ ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ቁልፍ የሚያቀብለው ልጅ «ጋሼ፣ ሌላ ቦታ እኮ ተንጠልጥላ ነው የሚያጠብቁት» ቢላቸው፣ «ለዚህ አይደል ከዚያ ወደዚህ የሚመጡት?» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ጎማው የትም እንዳይነካም ፈትሸዋል። አንዱን ጎን ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ በክሪክ እያነሱ መሪውን እስከ መጨረሻው አዞሩ፤ ኋላ ወንበር ላይ ሁለቱን ልጆች አስቀምጠው ሻንጣ ቤቱ ውስጥ ጆንያ ጫኑ። አላይመንቱን (የጎማዎቹን አቅጣጫ) ለጊዜው በሲባጎ ካስተካከሉ በኋላ፣ የሚፈልጉትን ልክ በወረቀት ጽፈው ማሽን ወዳለበት ላኩኝ። የፊት መብራቱን ሳይቀር ግድግዳ ላይ እያበሩ አስተካክለውታል፤ እኔ አስቤውም አላውቅ።

አሁን ወደ ጅሬን የሚያወጣውን ዳገት ሳልሳቀቅ እወጣለሁ። እውነተኛው ፈተና ከሰኮሩ ወደ ጊቤ ቁልቁል ስትወርዱ ያለው ኩርባ ነው። ድሮ መሃል ኩርባ ላይ ጉብ ያለ ነገር ካገኘች ትዘል ነበርና መሪውን ጨብጬ ነበር የምወርደው። አሁን ትንሽ ትጋደልና ትረጋለች፤ ሚስቴ አጠገቤ ተኝታ ወርዳለች፣ ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም።

እንከን የለውም አልልም። ከፋብሪካው ሞላ ይልቅ ደረቅ ትላለች፣ በተለይ ኮብልስቶን ላይ። ጎማው ስለረዘመ የፍጥነት ቆጣሪው 100 ሲል እውነተኛው 103 ገደማ ነው። ጋሼም የሚሠሩት በተራ ስለሆነ የሚቸኩል ሰው ይናደዳል። የእጅ ዋጋቸው ግን አዲስ አበባ ከተነገረኝ ግማሹን አይሞላም።

ለሚሄድ ሰው፦ ዓርብ ለጁምዓ ስለሚዘጉ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አትሂዱ። ዕቃ ራሳችሁ ነው የምታቀርቡት፤ ሳትገዙ በፊት ግን አሳዩአቸው። ሞላ ይቁረጡልኝ ብላችሁ እንዳትጠይቁ፣ ከበር ነው የሚመልሷችሁ። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ።