የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያ ሰርቨር ላቋቋመችልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ሐዋሳ ውስጥ በምሠራበትና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍሉን በማስተባብርበት የግል ኮሌጅ «ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው» የሚለው አቤቱታ ከመምህራንም ከተማሪዎችም ለረጅም ጊዜ ሲቀርብልን ቆይቷል። ለአገልግሎት ሰጪያችን ስንደውል መስመሩ ደህና እንደሆነ ይነገረናል፤ መምህሩ ደግሞ የተማሪዎቹን ውጤት የሚያስገባበት ገጽ አልከፈት ብሎት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት በከፊል እውነት መሆኑ የታወቀው፣ አንዲት የኔትዎርክ ባለሙያ መጥታ በራሳችን ሰርቨር (ለሌሎች ኮምፒውተሮች አገልግሎት በሚሰጥ ኮምፒውተር) ላይ የፍጥነት መለኪያ ካቋቋመችልን በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው እርሷን በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም ተመሳሳይ ችግር ላለባቸው ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮችና መሥሪያ ቤቶች ለመጠቆም ነው።

ከእርሷ በፊት ያነጋገርናቸው ሁሉ ይዘውልን የመጡት የዕቃ ዋጋ ማቅረቢያ ነበር። እርሷ ግን አስቀድማ የጠየቀችው «የሚዘገየው ከየት እስከ የት ባለው መንገድ ላይ ነው?» የሚል ነበር። ሁላችንም የለመድናቸው እንደ ስፒድቴስትና ፋስት ያሉ መለኪያዎች ከእጃችን ካለው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ተነሥተው ከግቢያችን ውጭ እስካለ ሰርቨር ድረስ ያለውን መንገድ በአንድነት ስለሚለኩ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ጥፋቱ ከዋይፋዩ ይሁን፣ ከሕንፃው ገመድ ይሁን፣ ወይም ከግቢው ውጭ ካለው መስመር ለይተው አይነግሩም። ስለዚህ ሐሳቧ አንድ መለኪያ በግቢያችን ውስጥ፣ ሌላ መለኪያ ከአገር ውጭ አስቀምጦ የሁለቱን ውጤት ማነጻጸር ነበር።

ለዚህ የመረጠችው ሊብረስፒድ የተባለውን ነጻና ምንጩ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ተጠቃሚው ምንም ሳይጭን በብሮውዘሩ ብቻ የሚለካበት ስለሆነ፣ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና፣ ገጾችን ለብሮውዘር የሚያቀርበውን ኤንጂንኤክስንና መለኪያው የሚሠራበትን የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒን ጭና ሥራ አስጀመረችው። በመጀመሪያው ሙከራ ዳውንሎዱ በትክክል ሲለካ አፕሎዱ ወዲያው ተቋረጠ። የሰርቨሩን መዝገብ ከፍታ ኮድ 413 (የተላከው ከተፈቀደው መጠን በላይ ነው) የሚለውን መስመር አሳየችኝና ምክንያቱን አስረዳችኝ፤ ኤንጂንኤክስ ካልተነገረው በቀር በአንድ ጥያቄ ከ1 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም፣ ሊብረስፒድ ደግሞ የአፕሎድ ፍጥነትን የሚለካው 20 ሜጋባይት የሆነ ጥቅል በመላክ ነው። ገደቡን ወደ 50 ሜጋባይት ከፍ ስታደርገው መለኪያው ሠራ። መለኪያው የሚልከው መረጃ በዘፈቀደ የተቀናበረና ቢጨመቅም የማያንስ በመሆኑ፣ ፕሮሰሰሩን በከንቱ እንዳያደክም የመጭመቂያውን ቅንብርም ዘጋችው። እነዚህን ነገሮች ዝም ብላ አስተካክላ መሄድ ትችል ነበር፤ እኔን አጠገቧ አስቀምጣ እያንዳንዱን ለውጥ በማስረዳቷ ግን ዛሬ ሰርቨሩን ራሴ አስተዳድረዋለሁ።

ከሁሉ በላይ ያደነቅሁት ውጤቱን ያነበበችበትን መንገድ ነው። ላፕቶፗን በገመድ እያገናኘች ከክፍል ወደ ክፍል ስትዞር፣ በአብዛኛው ቦታ መለኪያው በሰከንድ ከ900 ሜጋቢት በላይ ሲያሳይ፣ የሬጅስትራርና የመምህራን ቢሮዎች ባሉበት ፎቅ ግን በየትኛውም ክፍል 94 ላይ ቆመ፤ ደግማ ብትለካም ያው 94 ነበር። ገና ማንኛውንም ዕቃ ሳትነካ «94 ሲያዩ መስመሩን ሳይሆን ገመዱን ይጠርጥሩ» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የ1,000 ሜጋቢት ግንኙነት በኔትዎርክ ገመድ ውስጥ ያሉትን አራቱን ጥንድ ሽቦዎች ይፈልጋል፤ የ100 ሜጋቢት ግንኙነት ከማይጠቀምባቸው ጥንዶች አንዱ ሽቦ ቢቆረጥ ስዊቹ (ገመዶቹ የሚገናኙበት ማከፋፈያ) ብዙውን ጊዜ ሥራውን አያቆምም፣ ሁለት ጥንድ ብቻ ወደሚበቃው ወደ 100 ሜጋቢት ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። ከዚያ ላይ ለመረጃው አድራሻና ማሸጊያ የሚሄደው ሲቀነስ ለተጠቃሚው የሚደርሰው 94 ገደማ ነው። ያን ፎቅ ከሰርቨር ክፍሉ የሚያገናኘውን ገመድ መርምራ ጫፉ ላይ ያለችው ቡናማ ሽቦ ማገናኛው ውስጥ በትክክል እንዳልገባች አገኘች፤ ቆርጣ በአዲስ ማገናኛ አሰረችው፣ መለኪያውም ወዲያው ከ900 በላይ ወጣ። የሬጅስትራሩ መረጃ መጠባበቂያ ቅጂ በቀን ሲላክ ያን ጠባብ ገመድ ይሞላው ስለነበር፣ የመምህራኑ ገጽ አልከፈት የሚለው በዚያ ሰዓት እንደነበረ ከመዝገቡ አይተናል። አዲስ ራውተር ግዙ የተባልነው በአንዲት ሽቦ ምክንያት ነበር ማለት ነው። እርሷም ብትሆን ዕቃ ሸጣልን ማትረፍ እየቻለች አላደረገችውም።

ከአገር ውጭ ላለው መለኪያ፣ ከዓለም ትልልቅ የኢንተርኔት መለዋወጫ ማዕከላት አንዱ በሚገኝባት በፍራንክፈርት አነስተኛ ቨርቹዋል ሰርቨር (ከአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ተከፍሎ በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) ተከራየን። እዚህ ላይም ልንጠብቀው የሚገባንን አስቀድማ ነገረችን፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝና መንገዱ በቀጥታ ቢለካ እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ፣ የመረጃው ደርሶ መልስ ጉዞ ከ50 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺኛ) በታች ሊሆን እንደማይችልና ይህ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ አስረዳችን። በ100 ሜጋቢት ለ15 ሰከንድ የሚደረግ አንድ የዳውንሎድ ልኬት ወደ 190 ሜጋባይት ገደማ ስለሚፈጅም፣ የውጭውን መለኪያ ለሁሉም ክፍት እንዳናደርገው አሳሰበችን። በምትኩ ልኬቱ በየሰዓቱ በራሱ ጊዜ ተከናውኖ በሠንጠረዥ እንዲመዘገብ አደረገች። የውስጡ ልኬት ደህና ሆኖ የውጭው ከሰዓት በኋላ ደጋግሞ እንደሚወርድ የሚያሳየውን ይህን ሠንጠረዥ ለአገልግሎት ሰጪያችን ስናቀርብ፣ የቴክኒክ ሠራተኞቻቸው ክርክር ውስጥ ሳይገቡ መጥተው በእነርሱ በኩል ያለውን አስተካክለውልናል፤ እነርሱንም አመሰግናለሁ።

ርክክቡም እንደ ሥራው የጠራ ነበር። የይለፍ ቃሎቹን ፊት ለፊታችን አስለውጣ አስረክባናለች፤ ፍጥነታቸውን የሚለኩ ሰዎች አይፒ አድራሻ (መሣሪያቸው በኔትዎርክ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ተሸፍኖ እንዲመዘገብ አድርጋለች፤ የሠራችውን ሁሉ በአማርኛ ጽፋ ሰጥታናለች፤ የተቀበለችውም ሕጋዊ ደረሰኝ ቆርጣ አስቀድማ የነገረችንን ክፍያ ብቻ ነው። እኅታችን፣ እጅሽ ይባረክ፤ የኮሌጁ መምህራንና ሠራተኞች በሙሉ ያመሰግኑሻል።

ስሟንና ስልኳን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ፣ የሚፈልጋት በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛለሁ። የምትሠራው በቀጠሮ ነው፤ ከሐዋሳ ውጭም ትሄዳለች፣ የጉዞ ወጪው ግን በጠሪው ነው። ከመምጣቷ በፊት ከአገልግሎት ሰጪያችሁ ጋር የተዋዋላችሁበትን ፍጥነት የሚያሳየውን ውል፣ ስዊቾቹ የት የት እንዳሉ የሚያመለክት ንድፍ፣ እንዲሁም የ1,000 ሜጋቢት የኔትዎርክ ካርድ ያለው አንድ የሚሠራ ኮምፒውተር ብታዘጋጁ ሥራው ይፋጠናል።