ሃርድ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ ወይስ «የሚመጣውን» መጠበቅ?

ባሕር ዳር ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ጣጣውን ታውቁታላችሁ። ጥር ሲገባ ሚሞሪው ሁሉ ይሞላል፣ ጣና ዳር የተነሡት ሙሽሮች ፎቶ ገና ሳይገለበጥ ሌላ ሠርግ ይደርሳል፣ ከዚያ «ምን ልግዛ?» ይመጣል። አንድ ቴክኖሎጂ አዋቂ ነኝ ባይ ደግሞ አይጠፋም፦ «ቆይ አትቸኩል፣ ሃርድ ዲስክን ከገበያ የሚያስወጣ አዲስ ነገር እየመጣ ነው።»

ላም አለኝ በሰማይ! እኔ አትጠብቁ ባይ ነኝ። በ2015 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ቺፕ ሠሪዎቹ ኢንቴልና ማይክሮን በፍላሽና በኤስኤስዲ ውስጥ ካለው ሚሞሪ 1000 እጥፍ ይፈጥናል፣ 1000 እጥፍም ይበረክታል ያሉትን አዲስ ሚሞሪ አስተዋወቁ። ኦፕቴን ተብሎ ገበያ ወጣ። ፈጣን ነበር፣ አይካድም፤ ግን ያ 1000 የተባለው ገዢው እጅ ሳይደርስ፣ ዋጋውም አልቀመስ እንዳለ፣ በ2022 ኢንቴል ዘጋው። ማይክሮሶፍት በ2019 በጎኑ 7.5 ሴንቲሜትር በሆነች መስታወት ላይ ሙሉ ፊልም ጽፎ አሳየ። ደስ ይላል። ግን የሚጻፈው በልዩ ሌዘር፣ የሚነበበው በማይክሮስኮፕ ነው፤ የታሰበውም ለትልልቅ ዳታ ሴንተሮች (የኩባንያዎች የመረጃ ማከማቻ ማዕከላት) እንጂ ለእኔና ለእናንተ ላፕቶፕ አይደለም። ሃርድ ዲስክ አምራቹ ሲጌት ዲስኩን በሌዘር እያሞቀ የሚጽፍበት ዘዴ ግን እውን ሆኗል፤ ከ20 ዓመት በላይ ሲወራለት ከርሞ በ2024 ባለ 30 ቴራው (አንድ ቴራ 1000 ጊጋ ነው) ወጣ። እሱም ቢሆን መጀመሪያ የወጣው ለዳታ ሴንተር ነው።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ያለውን እናወዳድር፦ ሃርድ ዲስክንና ኤስኤስዲን (እንደ ፍላሽ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ማስቀመጫ)።

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ለአንድ ቴራ የምትከፍሉት ገንዘብ ከኤስኤስዲ በጣም ያንሳል። ፍጥነቱ በሴኮንድ 120 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ 100 ጊጋ የሠርግ ቪዲዮ በሩብ ሰዓት ገደማ ይገለብጣል። ጠላቱ መውደቅ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ሰሃን አለ፣ እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ ከወደቀ አለቀ፣ መብራት እልም ሲልም አይወድም። ደግነቱ ብዙ ጊዜ ከመሞቱ በፊት ቀጭ ቀጭ እያለ፣ እየዘገየ ያስጠነቅቃል።

ኤስኤስዲ ያንኑ 100 ጊጋ በ4 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል፣ ባጃጅ ውስጥ ቢንገጫገጭም ግድ የለውም። ግን ሲሞት በአብዛኛው ሳይናገር ነው። ርካሾቹ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ መጀመሪያ ላይ በጣም ይፈጥናሉ፣ ፈጣኑ ክፍላቸው ሲሞላ ግን አንዳንዱ ከሃርድ ዲስክ በታች ይወርዳል፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር የመጀመሪያዋን ሩጫ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠም የያዘውን ሊያጣ ይችላል። እና ኤዲት ለሚደረግ ሥራ ኤስኤስዲ፣ ለሚቀመጥ ሠርግ ሃርድ ዲስክ፣ የሚቀመጠው ደግሞ ሁለት ቦታ ቢሆን። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ያለ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ተማሪ ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልገውም፣ ሁለት ደህና ፍላሽና ኢሜይሉ ይበቁታል።

ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፓችሁን እዩ። የዩኤስቢ ቀዳዳው የድሮው ዩኤስቢ 2 ከሆነ በሴኮንድ ከ40 ሜጋባይት እምብዛም አያልፍም፣ ምርጡን ኤስኤስዲ ብትሰኩበትም 100 ጊጋው ከ40 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። የኤስኤስዲውን ገንዘብ በከንቱ አታውጡ።

በቴሌግራም የሚሸጠውን፣ በኪስ የሚያዝ «16 ቴራ» ኤስኤስዲስ? በሳቅ እለፉት። ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቦርድ ላይ የተሰካች ትንሽ የስልክ ሚሞሪ ናት፣ ለኮምፒውተሩ 16 ቴራ ነኝ ብላ እንድትዋሽ ተደርጋ የተሠራች። ስትሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ትጽፋለች፣ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ሲከፈት ግን የለም። ባለ 1 ቴራ ገዝታችሁ ዊንዶውስ 931 ጊጋ ቢላችሁ ግን አልተሸወዳችሁም፣ ኩባንያውና ዊንዶውስ የሚቆጥሩበት መንገድ ስለሚለያይ ነው።

ዕቃውን ሞልቶ መልሶ የሚያነብ ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ኤችቱቴስትደብልዩ (H2testw) ይባላል። ሰዓታት ይወስዳል፣ ስለዚህ ከሻጩ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ፦ ዛሬ ልሞክረው፣ ካልሆነ ነገ እመልሳለሁ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ካለ ቀጣዩን ሱቅ ጠይቁ።