የጥሪ ካርድ ሥራን በአማርኛ ማዘዝ፦ ከስምንት ወር በኋላ

የምሠራበት የጥሪ ካርድ ማተሚያ ቤት አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ጥር ሲቃረብ መተንፈሻ የለንም። ደንበኛ በቴሌግራም ጽሑፍ ይልካል፣ ፎቶ ይልካል፣ ማታ ደግሞ "ይቅርታ፣ አዳራሹ ተቀይሯል" ይላል። ይህን ሁሉ የሚያደራጅልኝ የሰው ሰራሽ አስተውሎት ረዳት ስልኬ ላይ ከጫንኩ ስምንት ወር ሆነኝ።

መልእክቶቹን እሰጠውና "የሙሽሮቹን ስም፣ ቀኑን፣ አዳራሹንና የካርዱን ብዛት ለየብቻ አውጣ፤ ቀብድ ያልከፈሉትን ከታች አድርግ" እለዋለሁ። ይሠራል። ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ የነበረው አሁን ቡና እስኪፈላ ያልቃል።

የከበደኝ ሰዓት ነው። አንዴ "ምሳ ከቀኑ 6 ሰዓት" የሚለውን በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ የምሽት 6 አደረገው። እኔም ሳላስተውል 300 ካርድ ታተመ። የሙሽራዋ እናት ደውለው "ልጄ፣ እንግዳው እኮ ማታ ሊመጣብን ነው!" አሉኝ። በራሳችን ወጪ እንደገና አተምን። አሁን የመጀመሪያው መስመሬ ሁሌም ይህ ነው፦ "ሰዓቱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ማለት እኩለ ቀን ነው።"

ቀንም እንዲሁ ነው። ጥምቀት ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል። በ2016 ግን ያለፈው ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረው ጃንዋሪ 20 ዋለ። ስለዚህ ቀን ሲቀይርልኝ ግድግዳ ላይ ካለው ካላንደር ጋር ሳላመሳክር አላልፍም።

ቴሪ ዊኖግራድ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሽርድሉ የሚባል ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። በተራ እንግሊዝኛ ሲታዘዝ በኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ኩቦችንና ፒራሚዶችን ያነሳል፣ ያስቀምጣል። የተሳካለት ዓለሙ እነዚያ ቅርጾች ብቻ ስለነበሩ ነው። እኔም ለረዳቴ ሥራውን አጠበብኩለት። ድሮ "ከዘመድ በስተቀር ቀብድ ላልከፈሉትና ቀናቸው ለቀረበው ማስታወሻ አዘጋጅ" እል ነበር። "በስተቀር" የቱን እንደሚይዝ ይጠፋዋል። አሁን አንድ ትዕዛዝ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ "በስተቀር" ያለበት ደግሞ ለብቻው።

አክብሮት ላይ አሁንም አልረካሁም። ለሙሽራ አባት "ካርድህ ደርሷል" ብሎ ያረቅቃል። "አንቱ በል" ስለው ጥቂት ይሄድና "እርስዎ መጥተህ ውሰድ" ይላል። ይህ ሰው ያስቀይማል። ስለዚህ ለትልልቅ ሰዎች ራሴ እጽፋለሁ።

ሌላው፣ አይጠይቅም። ደንበኛ "እሁድ" ካለ የሚቀጥለውን እሁድ ይሞላል። "ያልገባህን አትገምት፣ ጠይቀኝ" የሚለውን ከጨመርኩ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል።

ካርድ ወደ ማሽን ከመግባቱ በፊት ግን እኔና የሥራ ባልደረባዬ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነበዋለን። ሰዓቱን ሁለት ጊዜ።