ለፓራውልት ሞልድ፦ ጀሶ ወይስ ጄልኮት?

የቪትዝ ፓራውልት በፋይበር ልሠራ ስነሳ የመጀመሪያውን ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ያወጣሁት በጀሶ ነበር። ጀሶ ርካሽ ነው፤ ቶሎም ይጠነክራል። ግን ውስጡ እርጥበት ይይዛል። በደንብ ሳይደርቅና በቫርኒሽ ሳይደፈን ሬዚን (ፋይበሩን አጣብቆ የሚጠነክረውን ፈሳሽ) ከቀቡበት ፊቱ እየተጣበቀ ይቀራል። የእኔም እንዲያ ሆነ። ሳላቅቀው የፎግ ላይቱ ጠርዝ ተፈርፍሮ አብሮ ወጣ። ሞልዱም ሥራውም አንድ ላይ ተበላሹ።

ሁለተኛውን በሞልድ ጄልኮት፣ ማለትም የሞልዱ ፊት በሚሆን ወፍራም ሬዚን፣ ሠራሁት። የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ! ኦሪጅናሉን ፓራውልት አምስት ጊዜ ሰም ቀባሁት፤ በየመሃሉ እስኪያበራ ወለወልኩት። ከዚያ ፒቪኤ (እንዳይጣበቅ የሚቀባ ፈሳሽ)፣ ከዚያ ጥቁሩ ጄልኮት፣ በላዩ በካሬ ሜትር 300 ግራም፣ ቀጥሎ 450 ግራም የሚመዝን ማት (የፋይበር ንጣፍ)። ሃርደነሩን (ሬዚኑን የሚያጠነክረውን ኬሚካል) ከ2 በመቶ አላሳለፍኩም፤ ሲበዛ በጣም ይግላል፣ ሞልዱም ይጣመማል። ሲላቀቅ "ጧ" አለ። ጥፍሬን ጠርዙ ላይ ሳስኬደው ምንም አልያዘውም።

ዋጋው ከጀሶ ጋር አይወዳደርም፣ እውነት ነው። አንድ ፓራውልት ብቻ ለሚፈልግ፣ በደንብ ካደረቀው ጀሶ ይበቃዋል። እኔ ግን ከዚሁ ሞልድ ሰባተኛውን እያወጣሁ ነው። ስታይሮፎም ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ ፖሊስተር ሬዚን በቀጥታ አታስነኩት፤ ያቀልጠዋል።