ባለ 2 ኮር ወይስ ባለ 4 ኮር? ለቤት የሚሆነው ላፕቶፕ

ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ ላዩ ላይ የተለጠፈው "ኮር አይ5" ብቻውን አያስተማምንም። አይ5-7200ዩ የተባለው ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ባለ 2 ኮር ነው፣ ማለትም ሥራውን የሚሠሩ 2 ክፍሎች አሉት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አይ5-8250ዩ ግን 4 ኮር አለው። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ ቁጥር፣ 7 ወይም 8፣ ትውልዱን ይነግርዎታል።

ለዎርድ፣ ለኢሜይልና ለዩቲዩብ 2 ኮር አያንስም። እንዲህ ያለው ማሽን ሲንቀራፈፍ ብዙ ጊዜ ችግሩ 4 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ወይም የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። ራሙን 8 አድርገው ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ቢያስገጥሙለት ለውጡን ያኔውኑ ያዩታል። 4 ኮር ዋጋውን የሚያወጣው ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ወይም ዙም ላይ ሆኖ ሌላ ከባድ ሥራ ለሚሠራ ሰው ነው።

ከመወሰንዎ በፊት አሁን ያለዎትን ይፈትሹ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስን ይክፈቱ፤ ከዚያ የተለመደ ሥራዎን ይሥሩ። ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) 100% ደርሶ ዲስኩ ዝቅ ካለ የጎደለው ኮር ነው። ሜሞሪው (ራሙ) 90% አልፎ ዲስኩ 100% ላይ ከተቸከለ ራም ይጨምሩ። ባለ 2 ኮርና 4 ትሬድ (ኮር የሚያስኬደው የሥራ መስመር) ማሽን ላይ ሲፒዩው 25% አካባቢ ቆሞ ፕሮግራሙ ከዘገየ፣ ሥራው አንድ ትሬድ ላይ ብቻ ተጭኗል ማለት ነው፤ ይህን ዓይነቱን ፕሮግራም ተጨማሪ ኮር አያፈጥነውም።

ዋጋቸው ከተቀራረበ ግን ሳያመነቱ 8250ዩን ይውሰዱ። ዊንዶውስ 11 7200ዩን በይፋ አይደግፍም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።